ሶረቲ ያልጻፈችው መጨረሻ

የተከበራችሁ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች፣ ከአዳማ፣ ከሞጆ፣ ከመቂና ከዓለም ጤና የመጣችሁ ሐዘንተኞች፣ የዕድራችን አባላት፣ አንቺም ልጄ ሚልካ፣ እናትሽን የቀበርሽ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ለእኔም ጸልዩልኝ።

አምባዬ እባላለሁ። ብዙዎቻችሁን አማርኛ አስተምሬያችኋለሁ። እንድናገር የተሰጠኝ ሦስት ደቂቃ ነው። ሦስት ደቂቃ! ሶረቲ ኢተፋ ሃያ ዓመት ሙሉ ጽፋለች። ወንድም ዲበኩሉ፣ ፕሮግራሙን የምትመራው አንተ ነህና ይቅር በለኝ፤ ሰዓቱን አላከብርም።

አሁን የሕይወት ታሪኳ ሲነበብ ሰምታችኋል። ዓለም ጤና መወለዷ አለ። መዘምራን ውስጥ ማገልገሏ አለ። ሞጆ ደረቅ ወደብ በጉምሩክ አስተላላፊነት አሥራ አምስት ዓመት መሥራቷ አለ። አምስቱ ልብ ወለዶቿስ? «በሥነ ጽሑፍም አገልግላለች።» በቃ? ሰው አምስት መጽሐፍ ጽፎ አንዲት መስመር? እኔ ይህን አልቀበልም።

የት ሆና ነበር የምትጽፈው? ጠረጴዛ ያላት መሰላችሁ? ከአዳማ ሞጆ በሚኒባስ እየሄደች፣ ጉልበቷ ላይ ነው። ወደቡ በር ላይ ሹፌሩም አስተላላፊውም ተራ ሲጠብቅ፣ ሰው ሁሉ ፀሐዩን ሲራገም፣ እሷ ደብተሯን ታወጣለች። «ጋሽ አምባዬ፣ ዛሬ ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ጌታ ይመስገን፣ አንድ ምዕራፍ ጨረስኩ» ትለኝ ነበር።

የመጀመሪያ መጽሐፏን፣ «የሽንኩርት ማሳ»ን፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አበዛሽ የምትባል የማሳ የቀን ሠራተኛ አለች። አንድ ልጇ ይታመማል። ትጸልያለች። ትጾማለች። ምእመኑ ሁሉ ይጸልይላታል። መጨረሻው ላይ ልጁ ከአልጋው ብድግ ይልና «እማዬ፣ ራበኝ» ይላል። አልቅሳችሁበታል። በስብከት ተጠቅሷል። እኅቶች በጸሎት ፕሮግራማችሁ ላይ ጮክ ብላችሁ አንብባችሁታል።

ያንን መጨረሻ ሶረቲ አልጻፈችውም። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አዎ፣ እኔ! አትንሾካሾኩ፣ ስሙኝ። መጽሐፉን ያሳተመው የቤተ ክርስቲያናችን የሥነ ጽሑፍ ኮሚቴ ነው። ሰብሳቢው ወንድም ዲበኩሉ፣ አራሚው እኔ። በሶረቲ ጽሑፍ ልጁ ሞቷል። ኮሚቴው «ይህ ምእመኑን ያደክማል፤ ያልተመለሰ ጸሎት አናሳትምም» አለ። እኔም ቀይ እስክሪብቶዬን አነሣሁ። የእሷን ሁለት ገጽ ሰረዝኩ፤ የራሴን አራት ገጽ ጻፍኩ። ከዚያ ጠርቼ አሳየኋት። ቁጭ ብላ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ጋሽ አምባዬ፣ አማርኛዎ ያምራል» አለችኝ። «ግን ይህ ልጅ ሞቷል እኮ።»

«እንዲህ ካልሆነ አይታተምም» አልኳት።

የስምምነት ወረቀቱን ተቀበለችኝ። ከዚያ ፈረመች። እኔም ትልቅ ሥራ እንደ ሠራ ሰው ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ። አይ አምባዬ!

ዓመት ሳይሞላው ሶረቲ አንዲት እናት ይዛ ቤቴ መጣች። ጉዲቱ ትባላለች፣ ከመቂ ናት። ዛሬ እዚህ ቆማለች፤ እንድናገረውም ፈቅዳልኛለች። ልጇን ከቀበረች ሁለት ወሯ ነበር። መጽሐፉን በሁለት እጇ ይዛዋለች። «የአበዛሽ ልጅ ዳነ» አለችኝ። «የእኔ ለምን ቀረ? እምነቴ አንሶ ነው? እኔ ነኝ ወይ የገደልኩት?»

ሶረቲ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎ ይመልሱላት፤ የጻፉት እርስዎ ነዎት» አለችኝ። ወገኖቼ፣ አርባ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። የምላት አንዲት ቃል አጣሁ። እስከ ዛሬ ያ ዝምታዬ ያንገበግበኛል።

ሶረቲ ግን እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት ናት? ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦርሳዋ ውስጥ ምላጭ ገባ። መጽሐፉን የያዘ ሰው ካገኘች «እስቲ አንዴ ስጠኝ» ትላለች። የእኔን አራት ገጽ ቆርጣ ታወጣለች፤ የራሷን ሁለት ገጽ ፎቶ ኮፒ ለጥፋ ትመልሳለች። ያለ ኮሚቴ! ያለ ማኅተም!

ታዲያ ሞጆ ላይ ምን ሆነ መሰላችሁ? ሁለት ሹፌሮች ሻይ ቤት ውስጥ በዚህ መጽሐፍ ሊደባደቡ ደረሱ። አንዱ ኢሊያስ ነው፤ ያውላችሁ፣ እዚያ ጋ ቆሟል።

«ልጁ ሞቷል!» ይላል ኢሊያስ።

«አንተ ሰውዬ፣ ድኗል እኮ! ራበኝ ሁሉ ብሏል!»

«ወላሂ ሞቷል! እኔ እንባዬ መንገዱን ጋርዶኝ መኪናዬን ዳር ይዤ አቁሜያለሁ!»

ሶረቲ ከኋላቸው ተቀምጣ ሻይዋ እስኪያንቃት ትስቃለች። በኋላ ኢሊያስ ማን እንደሆነች ሲያውቅ አልሳቀም። «እቴ ሶረቲ፣ የጻፍሽው እናቴን ነው» አላት። እሷም ይህንን ስትነግረኝ አለቀሰች።

ባለፈው ወር ሕመሙ ሲጠናባት አስጠራችኝ። «ጋሽ አምባዬ፣ እጄ ምላጭ መያዝ አቃተው። የቀረውን እርስዎ ያውጡልኝ» አለችኝ። ቃል ገባሁላት። መጽሐፉ እንደገና ሊታተም ነውና። ትናንት ታዲያ ወንድም ዲበኩሉ ድንኳን ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ፣ «የድሮው መጨረሻ ይቆይ፤ ለሰላም ሲባል ነገሩን አታንሣው» አለኝ።

የማን ሰላም? የጉዲቱ ሰላም? የሶረቲ ሰላም? ወይስ የእኛ? እግዚአብሔር በእኛ ውሸት ይከበራል ያለን ማን ነው? ጌታችን ራሱ መቃብር አጠገብ ቆሞ አላለቀሰም? ታዲያ እኛ ማን ነንና ነው የእናት እንባ የምንሰርዘው?

እንግዲህ የእሷን የመጨረሻ አንቀጽ አነባለሁ። ይኸው፣ በገዛ እጇ የጻፈችው ነው።

«ልጇን በቀበረች በሦስተኛው እሑድ አበዛሽ ቤተ ክርስቲያን መጣች። ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። መዝሙር ተጀመረ፤ አልዘመረችም። ተጽናኚ አሏት፤ አልመለሰችም። ሰው ሁሉ ሲወጣ እሷ አልተነሣችም። የጽዳት ሠራተኛዋ ‹አበዛሽ፣ ልዘጋው ነው› አለቻት። ‹ዝጊው፤ እኔ አልሄድም› አለች አበዛሽ። ‹ከእሱ ጋር ገና አልጨረስንም።›»

እዚህ ላይ ያበቃል። ምእመኑን ያደክማል ያልነው ይህንን ነው! ልጇን ቀብራ ከእግዚአብሔር ቤት አልወጣም ያለችውን ሴት!

ወንድም ዲበኩሉ፣ እኔና አንተ አንድ ጊዜ ሰርዘነዋል። አሁን ይህ ሁሉ ሕዝብ ሰምቶታል። እስቲ ከዚህ ሁሉ ሰው ጆሮ ውስጥ ሰርዘው! ሚልካ ፈቃዷን ፈርማ ሰጥታኛለች፤ መጽሐፉ በእናቷ መጨረሻ ይወጣል። ኮሚቴው ካላሳተመው ሌላ ማተሚያ ቤት እንሄዳለን። የእኔም አራሚነት ዛሬ አብቅቷል። ጉዲቱ፣ የዚያን ቀን ያልመለስኩልሽን አሁን ልመልስልሽ፤ እምነትሽ አላነሰም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ሶረቲ፣ ልጄ፣ ይህን በቁምሽ ማድረግ ነበረብኝ። ፈራሁ። ይቅር በይኝ። በይ እንግዲህ፣ በእናትሽ ቋንቋ ነጋቲ ልበልሽ። በሰላም ሂጂ። ጌታሽ ፊት ስትቆሚ የጉዲቱንም፣ የአበዛሽንም፣ የራስሽንም ጥያቄ እንዳለ ጠይቂው። አንድም ቃል አትቀንሺ። እዚያ አራሚ የለም።