ብቻዋን የተማረችው

ኔልሲ በክራንች እየተደገፈች በኮሎምቢያዋ ሜዴሊን ከተማ፣ በሌን የሚባለው ሜዳ ስትደርስ የእሁዱ ልምምድ አልቆ ነበር። እዚህ ለሚለማመደው የፍሪዝቢ (የሚበር የፕላስቲክ ሳህን) ቡድን ስድስት ዓመት ሮጣለች፤ ጓደኛዋ ከሩቅ ትወረውራለች፣ ኔልሲ ተከላካዮቹን ቀድማ ትይዛለች። ባለፈው ሳምንት በፍጻሜው ጨዋታ፣ ነፋስ ያጣመመውን ውርወራ ተወርውራ ስትይዝ የጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ። ዋንጫውን ግን ቡድኗ ወሰደ። ትናንት ወርዋሪዋ ራዲዮ ላይ ቀርባ፣ «እንዲህ አርቆ መወርወር ማን አስተማረሽ?» ስትባል፣ «ብቻዬን ነው የተማርኩት» አለች።

ያቺው ወርዋሪ አሁን ሦስት እርምጃ ራቅ ብላ፣ ጀርባዋን ሰጥታ የጫማዋን ክር ትፈታለች። ኔልሲ ዞር ብላም አላየቻት። አሬፓ የሚባለውን የበቆሎ ቂጣ ከምትጠብሰው ከዶኛ አምፓሮ አጠገብ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«እንዴት አደሩ እትዬ አምፓሮ? ዝናቡ ዛሬ ማረን አይደል? እስቲ አንድ አሬፓ፣ አይብ በዛ አድርገው... እግሬ? ኧረ ደህና ነው፤ ትንሽ ዕረፍት አማረው።

ትናንት ራዲዮ ከፍተው ነበር? ካልሰሙ አመለጠዎት! እኔማ ደስ ብሎኝ ድምፁን ከፍ አደረግኩት። እናቴ ከጓዳ ‹ማን ናት?› አለችኝ። ‹እንጃ› አልኳት... ድምጿ ተለውጦብኝ እኮ ነው።

ብቻዬን ተማርኩ አለች። እውነቷን ነው፤ ሰው ያየውን መመስከር አለበት። ሁለት ዓመት ሙሉ ጎህ ሲቀድ እዚህ ስትወረውር ማን አብሯት ነበር? ማንም። ሳህኑ ራሱ እግር አውጥቶ እየሮጠ ይመለስላት ነበር። እርስዎም ሳያዩት አይቀሩም፤ ላብ የሚያጠምቀው ሳህን... አንዳንዴ ቦዩ ውስጥ ይገባና ጭቃውን ጠራርጎ ይመጣል። ‹ከወገብሽ ዙሪ፣ አንጓሽን ቶሎ ስበሪው› ይላታል ደግሞ። አፍም ነበረው! የዘንድሮ ፕላስቲክ መቼም...

ክንዷስ ቢሉ! የሌላው ሰው ውርወራ ተጫዋቹን ፍለጋ ይሄዳል፤ የሷን ግን ተጫዋቹ ነው ፍለጋ የሚወጣው። ከነፋስ ጋር እንኳ ተጣልታ አታውቅም፤ እሱ ወደ ፈለገው ትልክለታለች። ይሄ ትሕትና ካልሆነ ምን ይባላል? ‹ከአፍ የወጣ አፋፍ› ይላሉ፤ ከእጅ የወጣስ? ... የሷ እንኳን የሚይዘው አያጣም። አያጣም ነበር።»

ዶኛ አምፓሮ ቂጣውን ማገላበጥ ተወች። የጫማው ክርም መፈታቱን አቆመ። ኔልሲ ከተሰጣት አሬፓ ቆርሳ ጎረሰች፤ እስኪወርድላት ጠበቀች።

«ይጣፍጣል። ... ‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ› ሲባል እሰማ ነበር። ለካ ጌጡም ለአንድ ሰው ይሆናል! ታዲያ ምን ቸገረኝ? ለሸክሙ ይኸው ሁለት ክራንች ተሰጥቶኛል።

አርብ ሐኪም ቤት ነበርኩ። ጨዋ ልጅ ነው ሐኪሙ፣ ዓይኔን እያየ ‹ከእንግዲህ ሩጫ የለም› አለኝ። ለቡድኑ ገና አልተናገርኩም። ምን አስቸኮለኝ? ... ሰው ደስታው ላይ እያለ እንዲህ ያለ ነገር ጮክ ተብሎ አይወራም፤ ጮክ አልኩ እንዴ?»

ከወዲያ በኩል ጫማው ከእጅ ወድቆ ሣሩ ላይ ተንከባለለ። ኔልሲ ታጥቦ የታጠፈውን ማልያዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ዶኛ አምፓሮ ጭን ላይ አስቀመጠች፤ ክራንቿን ተመርኩዛም ቀስ ብላ ተነሣች።

«ይቺን ለቡድኑ ልጆች ይስጡልኝ፤ በሚቀጥለው ወር ቦጎታ ይወዳደራሉ አይደል? እኔ እንኳ ቂም አላውቅም እትዬ አምፓሮ። ክንዱን እንደሆነ አድሏታል፤ እኔ የምለምንላት አንድ ነገር ብቻ ነው... የተረፈኝን ጉልበት እግዜር ለእሷ ይስጥልኝ።»