ከጥሎሹ ጋር የመጣ

ከፀዳ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ ሁለት ወጣት ሴቶች ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ጭኗ ላይ ላፕቶፕ ከፍታለች።

«አዲስ አይደል እንዴ? ምነው እንዲህ ተንቀራፈፈ?» አለቻት ጓደኛዋ።

«እኔ ምን አውቄ! የጻፍሁት ፊደል እንኳ ዘግይቶ ነው የሚመጣ።»

«አምጪው እስቲ፣ ከጀርባ ምን እየሠራ እንደሆነ ልይ።»

ትንሽ ነካካችው።

«ይኸው! አንድ ፕሮግራም ብቻውን አንቆ ይዞታል። አንቺ ነሽ የጫንሽው?»

«አይደለሁም። ምንድን ነው?»

«የምትጽፊውን ሁሉ እየቀዳ ለሌላ ሰው የሚልክ ነው።»

«ለማን?»

«ላፕቶፑን ማን ሰጠሽ?»

«ከጥሎሹ ጋር ነው የመጣው። ዳሱ ውስጥ ከወርቁ ቀጥሎ ከፍ አድርገው ሲያሳዩት እልል ስትይ አልነበር?»

«የተጫነበትን ቀን እይው፤ ከሠርጋችሁ በፊት ነው።»

«ገና ሳያገባኝ?»

«ላጥፋው?»

«እንዳትነኪው! ካጠፋሽው ያውቃል።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ዝጊው ብቻ። ለእናቴም እንዳትነግሪያት፤ ልጄ ሸጋ ባል አገኘች እያለች ነው የምትውለው።»

ባሌ የገዛልኝን ስልክ አጥፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት።