ወንዙን በተሻገረ ጊዜ የቀረው መቶ ሺህ ዶላር

መቶ ሺህ ዶላር ነበር። ከፌዴራል መንግሥት የምርምር ገንዘብ ላሸነፈ ትንሽ የቴክኖሎጂ ድርጅት የኬንታኪ ግዛት ከራሱ ካዝና የሚጨምረው ድጋፍ ይህን ያህል ነበር፤ ዛሬ የምንሸኛቸው የአቶ ቨርሊን ማጋርድ ቤት፣ ሥራና ተስፋም በዚሁ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

አቶ ቨርሊን ከአባታቸው ከአቶ ኤልዚ ማጋርድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦፋል፣ ኬንታኪን ከዌስት ቨርጂንያ ግዛት በሚለየው በታግ ፎርክ ወንዝ ዳር፣ በኬንታኪ በኩል፣ የዛሬ ስድሳ ስምንት ዓመት ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው አባታቸው የድንጋይ ከሰል ማውጫ ጉድጓድ ጣሪያ ተንዶባቸው ሞቱ። እሳቸውም አድገው በቴክኒክ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ ተምረው፣ አባታቸውን በበላው ጉድጓድ ሃያ ስድስት ዓመት ሠሩ። ወይዘሮ ደልፊያን አግብተው ትዋይላን ወለዱ።

ጡረታ ሲወጡ፣ ድንጋይ ከመናዱ በፊት በውስጡ የሚሰነጠቀውን ሰምቶ የሚጮህ መሣሪያ ሠሩ። ወይዘሮ ደልፊያ፣ «ሚስቱን ትቶ ድንጋይ የሚያዳምጥ ባል የደረሰው ለእኔ ብቻ ነው» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ለሙከራ በተሰቀለበት ጉድጓድ አንድ ቀን ጮኸ፤ አራት ሰዎች ሮጠው ወጡ፤ ጣሪያውም ከኋላቸው ወረደ።

በዚህ መሣሪያ ትንሽ ድርጅት አቁመው የፌዴራሉን የምርምር ገንዘብ አሸነፉ፤ ያ ገንዘብ ግን ለምርምር እንጂ ለሌላ አይወጣም፤ የመጀመሪያው ዙር አልቆ ሁለተኛው እስኪፈቀድም ደመወዝ የሚከፍል የለም። ያንን ክፍተት የሚሞላው የግዛቱ መቶ ሺህ ስለ ነበር፣ አቶ ቨርሊን እሱን ተማምነው ቤታቸውን አስይዘው ሦስት ሠራተኞች ቀጠሩ።

ውሉ ሊፈረም ሲቃረብ ጎርፍ መጣና የሥራ ቤታቸውን ጭቃ ሞላው። ከማዶ፣ ከዌስት ቨርጂንያ በኩል፣ የልጅነት ወዳጃቸው አቶ ኦክሊ መኪናቸውን አስነሥተው መጡ።

«አንተ ግትር፣ ጎተራዬ ባዶውን ተቀምጧል፤ ጫን!»

«ኪራዩስ?»

«በቅሎዬን ያላስከፈልኩ ሰው፣ አንተን ላስከፍል?»

እኛ ሸለቆ ውስጥ ጎርፍ የመታውን ሰው «የየትኛው ግዛት ነህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ተጋብተን፣ ተቃብረን የምንኖረው ወንዙን ተሻግረን ነው። ስለዚህ አቶ ቨርሊን ዕቃቸውን ድልድዩን ሲያሻግሩ ድንበር መሻገራቸው ትዝ አላላቸውም። የግዛቱ ቢሮ ባለሙያ ደውላ የሥራ ቦታቸውን ስትጠይቅም፣ ሳይጠረጥሩ እውነቱን ነገሯት።

«አዝናለሁ፣ አቶ ማጋርድ፤ ድርጅትዎ ኬንታኪ ውስጥ የለማ!»

«እመቤት፣ እኔ የሸሸሁት ከጎርፍ ነው እንጂ ከኬንታኪ አይደለም!»

ደንቡ ግን ጎርፍን አያውቅም። የማዶውም ግዛት በበኩሉ፣ «ምርምሩን ያሸነፉት በኬንታኪ አድራሻ ነው» ብሎ መለሳቸው። ጭቃውን ጠርገው እስኪመለሱ የዓመቱ በጀት አለቀ።

ከሰል ያጠቆረው ሳንባቸው በዚያው ሰሞን ከዳቸው። የኦክስጅን ቱቦ በአፍንጫቸው ሰክተው ቢለፉም፣ የሠራተኞቻቸውን ውዝፍ ደመወዝ ለመክፈል የፈጠራ መብታቸውን ለአንድ ሩቅ ኩባንያ በአርባ ሺህ ዶላር ሸጡ። ኩባንያው ለሙከራ የተሰቀለውን ሳይቀር አስነቅሎ ወሰደ፤ እስከ ዛሬም አንድ እንኳ አልሠራም። አቶ ቨርሊን ባለፈው ማክሰኞ ትንፋሽ አጥሯቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን ትዋይላንና ሁለት የልጅ ልጆች ትተዋል፤ ቤቱ ግን የባንክ ሆኗል።

ሒሳቡ ሲዘጋ ኪሳራው መቶ ሺህ ዶላር፣ አንድ ቤት፣ አንድ መሣሪያና አንድ ሰው ነው። ትርፉ አራት ነፍስ ነው፤ ሁለቱ ዛሬ ሣጥኑን ተሸክመዋል። እነሱም ነገ ጠዋት ማንም የማያዳምጠው ጣሪያ ሥር ይወርዳሉ።

ጌታ ሆይ፣ የአገልጋይህን የቨርሊንን ነፍስ ጣሪያው በማይናድ ቤት አሳርፍ፤ እኛንም አስበን።