እግሬ ሲሰበር የተጨበጨበው ጭብጨባ

እግሬ ሲሰበር ተጨብጭቦልኛል ብል ታምኑኛላችሁ? በደርግ ጊዜ ልደታ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተወዛዋዥ ነበርኩ። የመድረኩ ጣውላ ከበሰበሰ ቆይቷል፤ ለሥራ አስኪያጁ ስንነግረው «ቀስ ብላችሁ ርገጡ» ይለናል። የጉራጌ ጭፈራ ቀስ ተብሎ ይረገጣል እንዴ! አንድ እሑድ ከሰዓት ጭፈራው ሲጦፍ ጣውላው ተሰብሮ እግሬ እስከ ጉልበቴ ገባ። «ኧረ እግሬን!» ብዬ ስጮህ ተመልካቹ የጨዋታው አካል መስሎት አዳራሹን በጭብጨባ አቀለጠው። ከበሮ መቺው ተስፋዬ ደንግጦ ሲያቆም፣ ሥራ አስኪያጁ ከመጋረጃው ጀርባ «ምታ! ማን አቁም አለህ?» ብሎ ጮኸበት። መታ። ምን ያድርግ፣ የልጆች አባት ነው። ዘፈኑ እስኪያልቅ እዚያው ተሰክቼ ቆየሁ።

አሳክሙኝ ስል «ጊዜያዊ ሠራተኛ ነሽ» ተባልኩ። ባልደረቦቼ የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም ሲሰበሰቡ በምርኩዝ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁም ሳይጠራ መጥቶ «ጓዶች፣ እኔ እያለሁላችሁ ማኅበር ምን ያደርግላችኋል?» አለ።

«ሌላዋ ስትወድቅ ከበሮው እንዲቆም ነው» አልኩት።

ማኅበሩን ደግፎ መጀመሪያ እጁን ያወጣው ተስፋዬ ነበር። በማግስቱ ከሥራ የተባረረውም እሱ ነው።