ከመኝታ መኪናው ወለል ሥር የተገኘው ሁለተኛ ቁጥር

የምስክሯ ስም፦ በመዝገቡ ሽፋን ላይ የሰፈረው
ዕድሜ፦ 57
ሥራ፦ ልብስ ስፌት
አድራሻ፦ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ የስፌት ሱቁ ያለበት ሕንፃ፣ ምድር ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡20

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር፣ ጡረታ ከወጣው የከባድ መኪና ሹፌር ባለቤቴ ጋር ሆነን የዛሬ ስምንት ወር ግድም አልጋ፣ ምድጃና ቁም ሣጥን የተገጠመለት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገለ መኪና ከአንድ ፀጉር አስተካካይ ገዝተናል። ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ዕቃ ሲያመላልስ ስለኖረ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ደስ ያለን ቦታ ቆመን እንደር የሚል ምኞት ነበረን። ዋጋውም ርካሽ መስሎን ነበር። ሻጩ ቁልፉን ሲያስረክበን "ወለሉን ብቻ እንዳትነኩት፤ ብርድ ይከላከላል" ብሎናል።

ከዚያ ወዲህ ማርሹ፣ ራዲያተሩና አራቱም ጎማ ተቀይረዋል። የግራ በሩን መያዣ ፍለጋ ብቻ አምስት ጋራዥ ዞረናል። የጥገናው ወጪ መግዣውን ስላለፈ ከሁለቱ የስፌት መኪናዎቼ አንዱን ሸጫለሁ። ያም ሆኖ ከከተማ የወጣነው ሁለት ጊዜ ሲሆን፣ በአንዱ ተጎትተን ተመልሰናል።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ሐሙስ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ፣ ጋራዥ ውስጥ መካኒኩ የበሰበሰውን የወለል እንጨት ሲያነሳ እኔም እዚያው ነበርኩ። እንዳጎነበሰ ብዙ ቆየ። ምነው ስለው "እትዬ፣ ይሄ አንድ መኪና አይደለም፤ ሁለት ነው" አለኝ። የእጅ ባትሪውን ተቀብዬ ስመለከት ከጎን እስከ ጎን የተበየደ መስመር አየሁ። ከመስመሩ በስተኋላ ሻሲው ላይ ያለው ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ይለያል። ቁጥሩን በስፌት ጠመኔ ሽርጤ ላይ ጻፍኩት።

ባለቤቴ "አንቺ ሴትዮ፣ መኪናው እየሄደልን ነው፤ ምን ነካሽ? እንሸፍነውና እንርሳው" አለኝ። እኔ ግን የኋላው የማን ነበር የሚለው ነገር ጨርቅ ስቆርጥም አልተወኝም። በማግስቱ ፀጉር ቤቱ ሄጄ ሻጩን ጠየቅኩት። "እኔም እንደዚሁ ነው የገዛሁት" ብሎ ፊቱን ወደ ደንበኛው መለሰ። ያውቅ ነበር ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ ልቡን አላየሁም፤ ወለሉን እንዳንነካ የነገረን ግን እሱ ነው።

ቁጥሩን ለተሽከርካሪ ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ሳቀርብ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ተሰረቀ የተባለ መኪና ቁጥር መሆኑ ተነገረኝ። የመዝገብ ሠራተኛዋ ለባለንብረቷ ደወለችላት። ባለንብረቷ መድኃኒት ቤት ያላት ሴት ስትሆን ያለፈው ቅዳሜ 4 ሰዓት ላይ ጋራዡ መጣች። ሰላም እንኳ ሳትለን ከኋላ ገብታ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ቆይታ "ልጄን እዚህ ነው የወለድኳት፤ ሆስፒታል ሳንደርስ" አለች። ባለቤቴ ከመኪናው ሥር ወጥቶ እጁን እየጠረገ "ስንት ዓመቷ ነው?" አላት። "አሥራ አራት" አለችው። ከዚያ በኋላ እንሸፍነው የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። ዛሬ መኪናውን እዚህ ፖሊስ ጣቢያ ድረስ የነዳው እሱ ራሱ ነው።

እንደሚወሰድባችሁ እያወቃችሁ ለምን አመጣችሁት ተብዬ ስጠየቅ፣ ያን ሁሉ ለፍተን በሰው አልጋ ላይ እንቅልፍ አይወስደንም ብዬ መልሻለሁ።

በመጨረሻም መኪናው በማስረጃነት ግቢ ውስጥ ሲቆም የባትሪው ገመድ ካልተነቀለ በሦስት ቀን ባትሪው ይሞታል። የገመዱ ማሰሪያ ወደ ግራ ቀስ ተብሎ ካልተጠመዘዘ ይሰበራል። ባለቤቴ ውጭ አግዳሚው ላይ ቁልፉን ይዞ ስለተቀመጠ፣ እሱ እንዲነቅለው ይፈቀድለት ዘንድ እጠይቃለሁ።

ቃሌ ተነብቦልኝ፣ በዓይኔ ካየሁትና በጆሮዬ ከሰማሁት በቀር የጨመርኩት እንደሌለ አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________

በመርማሪው እጅ የተጨመረ፦ ጥያቄው ተፈቅዷል። ገመዱ 4፡35 ላይ በምስክሯ ባል ተነቅሏል። ከዚያም በኋላ ሁለቱም ለግማሽ ሰዓት ያህል መኪናው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ውጡ ያላቸው የለም።