ፍየል እንዳይወጣበት

ከአዋሽ በተሳፈርኩበት አውቶቡስ ውስጥ፣ እግሩን በጥጥ እርሻ ትራክተር ያጣ ባለምርኩዝ፣ አጠገቡ የተቀመጠውን የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ በነገር ያዘው።

«ደጃችሁ ያለውን የእግረኛ መንገድ ያን ያህል ከፍ ስታደርጉት፣ እኔ በየት እንድወጣ ነው?»

«ለእናንተ ብለን ተዳፋት መወጣጫ ሠርተን የለ?»

«ሠርታችሁ በእሾህ አጠራችሁት።»

«ፍየሎቹ እየወጡ አበላሹት፣ ወንድሜ። ምን እናድርግ?»

«ፍየልማ መወጣጫ ምን ያደርግላታል? ከታች ዘላ ትወጣለች። ወላሂ፣ ታች የቀረሁት እኔ ነኝ።»

«ዘበኛውን ብትጠራው ይከፍትልህ ነበር።»

«ጠራሁት እንጂ።»

«እና?»

«በረንዳው ላይ እንደተቀመጠ ‹አይሰማኝም፣ ወደዚህ ውጣና ንገረኝ› አለኝ።»

ጸሐፊው ፊቱን ወደ መስኮቱ ሲያዞር፣ እኔ መተላለፊያው ላይ ያጋደምኩትን የሽንኩርት ጆንያ ቀስ ብዬ ወደ ጉልበቴ ሳብኩት።