የጋሼ አንቴና ሰማይ ወጣ

ስሚኝማ የኔ ማር፣ ይሄን ዛሬ ካልነገርኩሽ እፈነዳለሁ! አጎቴን በያጁን፣ ጋሼን ታውቂያቸው የለ? ባለፈው ትምህርት ቤት ከጓደኞቼ ጋር የሠራነውን ሮኬት በጆንያ ጠቅልዬ በብየዳ ቤታቸው በር ሹልክ ልል ስል እጅ ከፍንጅ ያዙኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«ሮኬት ነው ጋሼ። ፊኛ ላይ ይንጠለጠልና ሃያ ኪሎ ሜትር ሲደርስ ይተኮሳል።»

«ፊኛ? የልደት ነው የሠርግ?» ብለው ሳቁ። «ሮኬት የሚነሳው ከመሬት ነው። ይሄን ትተሽ ቁም ነገር ያዢ።»

እኔ ለፍላፊዋ ዝም የምል መሰለሽ?

«ጋሼ፣ ውሃ ውስጥ መሮጥና ሜዳ ላይ መሮጥ እኩል ነው?»

«እንዴት ተደርጎ!»

«ታች ያለው አየር ለሮኬት እንደ ውሃ ነው። ከዚህ ቢነሳ አየር ሲገፋ አቅሙ ያልቃል። ላይ ግን አየሩ ስስ ነው፤ ፊኛው እዚያ ድረስ አዝሎ ያደርስልናል።»

«ከዚያስ? ጨረቃ ላይ ሊያርፍልሽ?»

«ኧረ ጋሼ! ሳተላይት ለማዞር እንኳ ገና ነን፤ ለሱ ወደ ጎን የሚወነጨፍበት ኃይለኛ ፍጥነት ያስፈልጋል። እኛ የምንልከው የክብሪት ቀፎ የምታክል ሙቀት መለኪያ ነው። ፈቃዱ በእጃችን ነው፤ የጎደለን ፊኛው ሥር ተንጠልጥሎ ሮኬቱን የሚይዝ ክፈፍ ብቻ።»

አገጫቸውን አሻሹ። «እሠራልሻለሁ። ካልተሳካ ግን ሮኬትሽ እዚህ ውዳቂ ብረት ውስጥ ይገባል፤ አንቺም ነገሩን እርግፍ አድርገሽ እዚሁ ሥራ ትጀምሪያለሽ። ተስማማን?»

ምን አማራጭ አለኝ? ተስማማሁ።

በማግስቱ ክፈፉን አየሁት። ወፍራም የበር ብረት! ጋሼ ላዩ ላይ ወጥተው ዘለሉበት። «አየሽ? ንቅንቅ አይልም!» ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ስድስት ኪሎ። ፊኛው የሚችለው ከነሮኬቱ ሦስት ነው።

«ጋሼ፣ እዚያ ላይ ማን ሊዘልበት ነው?»

ክፈፉን ከሚዛኑ አወረዱት። ለሳቸው እኮ ዕድሜ ልካቸውን ጠንካራ ማለት ከባድ ማለት ነው። ከዚያ ጣራውን አንጋጠው አዩና መሰላል አምጥተው የገዛ ቤታቸውን የቴሌቪዥን አንቴና አወረዱ! ሚስታቸው «ድራማዬን!» ብለው ሲጮሁ ጋሼ አልሰሙም። ብየዳውን ትተው የአሉሚኒየም ቱቦዎቹን በቀጫጭን ብሎን አያያዟቸው። አራት መቶ ግራም!

እሑድ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ለቀቅነው። ፊኛው ነጥብ ሆነ፣ ጠፋ። ከአንድ ሰዓት በላይ፣ ከሮኬቱ መልእክት የሚቀበለው ሬዲዮ ከፍታውን ሲነግረን ቆየ። ሃያ ኪሎ ሜትር ሲል ሮኬቱ ተተኮሰ፤ ከዚያ ጭጭ። ጋሼ ኮፍያቸውን ጨምድደው «በቃ?» አሉ። ድንገት ሬዲዮው ነቃ፦ ሃያ ሦስት! ሃያ አምስት! ሃያ ሰባት! ቀደም ብለን የሠራነው መንትያው ሮኬት ከመሬት ስንተኩሰው የወጣው ሁለት ኪሎ ሜትር ነበር፤ ይሄኛው በራሱ ጉልበት ሰባት! ብርዱም ከዜሮ በታች ሃምሳ ብሎ ደረሰን። ጋሼ አቅፈውኝ ዘለሉ፤ ክፈፉ ላይ ከዘለሉት ይበልጣል።

አሁን በር ለማሠራት የመጣውን ሁሉ ይዘው ያስረዳሉ፤ ትልቅ ማስወንጨፊያ የሌለው አንድ ትምህርት ቤት እንኳ መሣሪያ ልኮ ሰማዩን በራሱ መለካት እንደሚችል፣ ቀላል ነገር ደካማ ማለት እንዳልሆነ። ጎረቤታቸው ጎሚስታው፣ የሠላሳ ዓመት ጓደኛቸው፣ ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ ምን አሏቸው መሰለሽ? ቃል በቃል፦

«አምኛለሁ በቃ። እኔም ቤት አንቴና አለ፤ መሰላልህን አምጣ!»